13ቱን የሃሎዊን ሆረር ፊልሞች እንዴት እንደምታዩ (እባካችሁ በቁጥር አትሂዱ)

መጀመሪያ የሰራሁትን ጉድ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ እኛ ቤት ስድስት ሆነን "የሆረር ማታ" እናድርግ ተባባልን፣ ፊልሙን የማምጣት ስራ እኔ ላይ ወደቀ፣ ያን ሳምንት ኔትወርክ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል ስለዚ ፍላሼን ይዤ ፊልም ሚጭን ሱቅ ሄድኩና "ሃሎዊንን ጫንልኝ ወንድሜ" አልኩት። ልጁ የቱን አላለኝም፣ እኔም የድሮውን አላልኩትም። ማታ ፈንዲሻው ወጣ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ መብራት ጠፋ (ለአንዴ እንኳን ራሳችን ነን ያጠፋነው)፣ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ "ይሄ ፊልም ደም ራሱ ብዙ የለውም፣ በዝምታ ነው ሚጨርሳችሁ" እያልኩ ሳሟሙቅ ነው የዋልኩት። ተጀመረ። ገና ከመጀመሩ ቤተሰቡ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ በስድብ ይሞላለጫል፣ አንድ ፀጉሩ የረዘመ ህፃን አይጡን ይዞ ይታያል፣ "ዝምታው የታለ?" አለኝ አንዱ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ጓደኛችን ነጠላዋን አንስታ "ለዚህ ነው ከሳሪስ ድረስ ያስመጣኸኝ?" ብላ ታክሲ ጠራች።

ለካ የተጫነልኝ የ2007ቱ ነው። እኔ የፈለኩት የ1978ቱን። የልጁ ጥፋት አይደለም ሙሉ በሙሉ፣ ምክንያቱም "ሃሎዊን" ብቻ ተብለው የሚጠሩ ሦስት ፊልሞች አሉ፦ የ1978፣ የ2007 እና የ2018። ያለ ምንም ተጨማሪ ስም፣ በቃ ሃሎዊን። "ሃሎዊን ሁለት" ደግሞ ሁለት ናቸው፣ የ1981 እና የ2009። ስለዚ ከዚ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ያዙ፣ ስሙን ያለ ዓመተ ምህረቱ አትጥሩ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው)። ቴሌግራም ላይ ስትፈልጉም፣ ሱቅ ስታስጭኑም፣ ለጓደኛ ስትልኩም።

ከተጫነላችሁ በኋላ ደግሞ እዛው ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ክፈቷት። ጥቁር ስክሪን ላይ በግራ በኩል ውስጡ ሻማ የበራበት ዱባ ካለና ያቺ ቲን ቲን ቲን ምትለው ፒያኖ ከጀመረች ጥሩ፣ የ1978ቱ ነው። የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ እየተደገመ ጣፋጭ የድሮ ዘፈን ከተከፈተባችሁ የ1981ዱ ነው። ሁለት ጋዜጠኛ ነገሮች ማይክ ይዘው የአእምሮ ህሙማን ማቆያ ግቢ ውስጥ ከገቡ የ2018ቱ ነው። ስድብ ከሆነ... አወቃችሁት።

አሁን ሲክወል፣ ሪሜክ፣ ሪቡት ሚባሉትን እንለያቸው

ሰው ሦስቱንም እያቀላቀለ ነው ሚጠራቸው። እኔ ሰፈሬ በሙሉ ግንባታ ስለሆነ በቤት ነው የገባኝ። ሲክወል ማለት ያለው ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ነው፣ ከታች ያለውን ካላያችሁ ከላይ ያለው አይገባችሁም። ሪሜክ ያንኑ ቤት በዛው ፕላን በአዲስ ብሎኬት እንደገና መስራት ነው፣ ሳሎኑ የነበረበት ቦታ ላይ ሳሎን አለ ግን ቀለሙም ሰዉም ሌላ ነው። ሪቡት ደግሞ ፒያሳን እንዳየነው፣ ድሮ እዚ ምን ነበር የሚለው ተረስቶ ከዜሮ መቁጠር። አራተኛ አይነት አለ በተለይ አሁን አሁን ፋሽን የሆነ፣ ምድር ቤቱን ብቻ ትተው ባለፉት አርባ አመታት የተጨመረውን ፎቅ ሁሉ አፍርሰው ከምድር ቤቱ ላይ አዲስ ማውጣት። የ2018ቱ ሃሎዊን እንደዛ ነው፣ ስሙ እንደ ሪቡት ነው ግን ሲክወል ነው። የ2007ቱ ስሙ ያው ነው ግን ሪሜክ ነው፣ ሪቡትም ነው። ግራ ቢያጋባችሁ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም።

ይሄ ማለት ምንድነው፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያላችሁ እስከ 13 ብትሄዱ ሎሪ የምትባለዋ ዋና ልጅ አንዴ በመኪና አደጋ ሞታለች ትባላላችሁ፣ ቀጥሎ በህይወት አለች፣ ቀጥሎ ትሞታለች፣ ከዛ ሌላ ሎሪ ትመጣለች፣ ከዛ የመጀመሪያዋ ሎሪ አያት ሆና ጠመንጃ ይዛ ትመጣለች። እብድ ያረጋችኋል። ፊልሞቹ አንድ መስመር አይደሉም፣ መንገዶች ናቸው።

ስለዚ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ቁሙ በሉ። አደባባዩ የ1978ቱ ፊልም ነው፣ ሁሉም ታክሲ ከዛ ነው ሚነሳው። አንዱ መስመር ወደ ፒያሳ ይሄዳል፣ ፒያሳ የ1981ዱ ሃሎዊን ሁለት ነው። ፒያሳ ላይ ይለያያል፦ ወደ መርካቶ ከታጠፋችሁ ክፍል 4፣ 5 እና 6 (1988፣ 1989፣ 1995)፣ በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ከወረዳችሁ ደግሞ የ1998ቱ ኤች ቱዌንቲ እና የ2002ቱ ሪዘሬክሽን። ሌላው መስመር ከአራት ኪሎ በቀጥታ ወደ ካዛንቺስ የሚወርደው ነው፣ ፒያሳን ጭራሽ አያውቃትም፣ እሱ የ2018፣ የ2021 (ኪልስ) እና የ2022 (ኤንድስ) ነው። ሮብ ዞምቢ ሚባለው ሮከር የሰራቸው የ2007 እና የ2009ኞቹ ሌላ ከተማ ላይ "አራት ኪሎ" ብሎ የራሱን አደባባይ እንደሰራ ሰው ነው። የ1982ቱ ክፍል ሦስት? እሱ ታክሲውም ውስጥ የለም፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

አደባባዩ ላይ ረጅም ጊዜ ቁሙ

የ1978ቱን ሳታዩ የትም እንዳትሄዱ። ታሪኩ በጣም ቀላል ነው፣ በ1963 የሃሎዊን ማታ (ፈረንጆቹ ጭምብል አድርገው የሚያከብሩት በዓል ነው) ሃዶንፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ማይክል ማየርስ የሚባል የስድስት አመት ልጅ እህቱን በቢላ ይገላል፣ 15 አመት ተዘግቶበት ይቆይና አምልጦ ወደዛችው ከተማ ይመለሳል፣ ሎሪ የምትባል ልጅ ጠባቂ ተማሪን ያያትና መከተል ይጀምራል። አለቀ። ለምን? አይነገራችሁም። ይሄን "ለምን" ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጆን ካርፔንተር ነው ዳይሬክተሩ፣ ከዴብራ ሂል ጋ ሆነው ነው የፃፉት፣ ሙዚቃውንም ራሱ ነው የሰራው። ገንዘቡ 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፣ ለአሜሪካ ፊልም ምንም ማለት ነው። ጭምብሉ ራሱ ከሱቅ ሁለት ዶላር በማይሞላ የተገዛ ስታር ትሬክ የሚባለው የቲቪ ድራማ ላይ ያለው የካፒቴን ከርክ ጭምብል ነው፣ ነጭ ቀለም ቀብተው አይኑን አሰፉት። ሃዶንፊልድ ኢሊኖይ ግዛት ናት ይበሉን እንጂ የተቀረፀው ካሊፎርኒያ ነው፣ ያውም በፀደይ፣ ስለዚ መሬት ላይ የምታዩት የረገፈ ቅጠል ቡኒ የተቀባ ነው፣ አንዱን ትዕይንት ሲጨርሱ ለቅመው ለሚቀጥለው ይጠቀሙበት ነበር። በደንብ ካያችሁ ከኋላ ዘንባባ ሁሉ አለ። እኔ ይሄን ካወኩ በኋላ ፊልሙን የበለጠ ነው የወደድኩት፣ የኛ ሀገር ፊልም ሰሪዎች ጋ የሚመሳሰል ነገር አለው፣ ከሌለ ከሌለ ቅጠል እየለቀሙ።

አሁን ዋናው፣ እንዴት እንደሚታይ። ስልክ ላይ አትዩት። ፊልሙ የተቀረፀው በጣም ሰፊ ፍሬም ላይ ነው፣ ገዳዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ አይደለም፣ ጥግ ላይ ነው፣ ከኋላ ነው፣ ድብዝዝ ብሎ ነው። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ከሌለው፣ ማለትም ምስሉ ቲቪውን ጥርቅም አርጎ ከሞላው፣ ኮፒው ጎንና ጎኑ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ያ ማለት ሰውዬውን ቆርጠውታል። ሌላ ኮፒ ፈልጉ። የድሮ ቪዲዮ ቤት ካሴት ላይ አይታችሁት "ምኑ ነው ሚያስፈራው" ያላችሁ ሰዎች ምናልባት እንደዚ ሆኖባችሁ ነው። ሌላው፣ 91 ደቂቃ አካባቢ መሆኑን እዩ። ከዛ ረዘም ያለ ለቴሌቪዥን ተብሎ የወጣ ቨርዥን አለ፣ ሁለተኛውን ሲሰሩ ነው ተጨማሪ ትዕይንቶቹን የቀረፁለት፣ ሁለተኛው ፊልም ላይ ያለውን ሚስጥር እዛ ላይ አስገብተውበታል ስለዚ ያበላሽባችኋል።

ድምፁን ከፍ፣ መብራቱን ጥፍት። ከዛ አንዲት ቦታ ላሳያችሁ (ስፖይለር ነው ግን የ1978 ፊልም ነው ይቅር በሉኝ)። አኒ የምትባለው የሎሪ ጓደኛ ማታ መኪናዋ ጋ ትመጣለች፣ በሩን ትስበዋለች፣ ተቆልፏል። ቁልፍ ረስታለች፣ እያንጎራጎረች ወደ ቤት ትመለሳለች፣ ቁልፉን ይዛ ትመጣለች። በሩን ሳብ ታረገዋለች፣ ይከፈታል። ቁልፉን አልተጠቀመችበትም! ልብ አላለችውም፣ ገብታ ትቀመጣለች፣ መስታወቱ ከውስጥ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል፣ ጣቷን ሰዳ ትነካዋለች፣ ፊቷ ላይ "እንዴ..." የሚል ነገር ሲመጣ ታያላችሁ። ሙዚቃ የለ፣ ጩኸት የለ፣ በር ብቻ። እኔ ከዛ ወዲህ ታክሲ ውስጥ መስታወቱ ላይ ጭጋግ ባየሁ ቁጥር ወደ ኋላ እዞራለሁ። ሌላው መጨረሻ አካባቢ ሎሪ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ከጎኗ ያለው በር ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ እዛ ጨለማ ላይ ብቻ አፍጥጡ። ነጩ ፊት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ዘሎ አይደለም፣ አይናችሁ ጨለማውን እንደለመደው አይነት። መብራቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ነው የሰሩት። ከዚህ በኋላ የመጡት 12 ፊልሞች ስንት ሚሊዮን አውጥተው ይሄን በር አልደገሙትም፣ የኔ አስተያየት ነው፣ ተሟገቱኝ።

ፒያሳ፦ የ1981ዱ

ያንኑ ማታ ነው ሚቀጥለው፣ ሆስፒታል ውስጥ። ዳይሬክተሩ ሪክ ሮዘንታል ነው፣ ፅሁፉ ግን የካርፔንተርና የሂል። ጥሩ ፊልም ነው፣ ባዶ ሆስፒታል ደግሞ ማታ ምን እንደሚመስል አስታማሚ ሆኖ ያደረ ሰው ያውቃል። ግን እዚ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው፦ ሎሪ የገዳዩ እህት ናት አሉ። ካርፔንተር ራሱ ስክሪፕቱን ሲፅፍ በየማታው ቢራ እየጠጣ እንደነበር ተናግሯል፣ ያስታውቃል። ያ "ለምን" ያልኳችሁ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱን አገኘ፣ መልስ ባገኘ ቁጥር ደግሞ ሰውዬው ያንሳል። ማንንም ሊከተል የሚችል ሰው ነው የሚያስፈራው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነማ ሽማግሌ ይላክበት።

ወደ መርካቶ፦ 4፣ 5፣ 6

ይሄን መስመር የምትሄዱት ጊዜ ካላችሁና ዶክተር ሉሚስን ከወደዳችሁ ነው። ዶናልድ ፕሌዘንስ ነው፣ የገዳዩ ሐኪም፣ በየፊልሙ እየጮኸ ፖሊሶችን ማስጠንቀቅ ስራው የሆነ ሽማግሌ፣ እና ማንም አይሰማውም። 1፣ 2፣ 4፣ 5 እና 6 ላይ አለ። ክፍል 4 ላይ ሎሪ ሞታለች ተብሎ ልጇ ጄሚ ትመጣለች፣ ዳንየል ሃሪስ የምትባል ህፃን ናት የሰራችው፣ እውነት ለመናገር ከአዋቂዎቹ ሁሉ ትበልጣለች። የክፍል 4 የመጨረሻዋ ደቂቃ በጣም ደፋር ናት፣ ክፍል 5 ደግሞ ያቺን ደቂቃ ያን ያህል አልነበረችም ብሎ ይጀምራል፣ ተናደድኩ። 5 ላይ ገዳዩ ያለቅሳል። አዎ፣ ጭምብሉን አውልቆ እንባ። 6 ላይ ደግሞ "ለምን" ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ አመጡ፣ ጥንታዊ እርግማን፣ ምልክት፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች፣ ደብተራ ምናምን ነው የቀራቸው። ፖል ራድ ማለትም የኋላው አንት ማን በወጣትነቱ አለበት፣ እሱን ለማየት ካልሆነ... እና ክፍል 6 ሁለት አይነት ነው፣ "ፕሮዲውሰርስ ከት" የሚለውን ካገኛችሁ እሱን እዩ፣ መጨረሻው ሌላ ነው፣ ፕሌዘንስም ይበዛበታል። ፕሌዘንስ ፊልሙ ሳይወጣ በ1995 መጀመሪያ ላይ ነው የሞተው።

ወደ ለገሃር፦ ኤች ቱዌንቲ እና... ሌላኛው

የ1998ቱ 4፣ 5፣ 6ን እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ይቀጥላል። ሎሪ ሞቷን አስመስላ፣ ስሟን ቀይራ፣ ካሊፎርኒያ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆናለች፣ በየቀኑ ትጠጣለች፣ ልጇን መተንፈሻ አሳጥታዋለች። ሎሪን የምትሰራው ጄሚ ሊ ከርቲስ እዚ ጋ ጎበዝ ናት፣ የእውነት እናቷ ጃኔት ሊም ፀሐፊ ሆና ትሰራለች፣ እናትየው ደግሞ የ1960ው ሳይኮ የሚባለው ፊልም ላይ ሻወር ውስጥ የተገደለችዋ ናት፣ ስለዚ ሁለቱ ቆመው ሲያወሩ የሆረር ዘር ሐረግ እያያችሁ ነው። 86 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ይጀምራል ያልቃል፣ መጨረሻው ደግሞ የእውነት መጨረሻ ይመስላል።

እዚ ላይ ላፕቶፑን ዝጉ። የ2002ቱን አትክፈቱ። እሺ እንደምትከፍቱት አውቃለሁ፣ በስንት ላብ የተገደለውን ገዳይ "ተሳስተን ሌላ ሰው ነበር" ብለው ነው ሚጀምሩት፣ ከዛ ወጣቶች ገዳዩ ያደገበት ቤት ገብተው በኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት ይቀረፃሉ፣ ራፐሩ በስታ ራይምስ ደግሞ ገዳዩን በካራቴ ይመታዋል። ከጓደኛ ጋ ሙድ ለመያዝ ከሆነ ግን ከዚህ በላይ የለም።

አንድ ነገር ላስገባ። እስከዚ የነበሩትን ስምንት ፊልሞች ከጀርባ ሆኖ ያሰራው ሙስጠፋ አካድ ይባላል፣ ሀለብ ሶሪያ ነው የተወለደው። ልጅ እያለሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት በረመዳን የምናየው "ዘ ሜሴጅ" አለ አይደል፣ ስለ እስልምና አጀማመር፣ ዳይሬክተሩ እሱ ነው። ያው ሰው ነው! ይሄን ሳውቅ ግማሽ ቀን ደንግጬ ነው የዋልኩት። በ2005 አማን ዮርዳኖስ ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ጋ ነው የሞተው፣ ከሱ በኋላ ስራውን የያዘው ወንዱ ልጁ ማሌክ ነው።

ወደ ካዛንቺስ፦ 2018፣ 2021፣ 2022

ለአዲስ ሰው የምመክረው መንገድ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከአደባባዩ ሌላ ምንም ማየት አይጠበቅባችሁም። ዴቪድ ጎርደን ግሪን ነው ዳይሬክተሩ። ሎሪ አያት ሆናለች፣ ጫካ ዳር ቤቷን ምሽግ አርጋ አርባ አመት ስትጠብቀው ኖራለች፣ ቤተሰቦቿ አብዳለች ይሏታል። እህትነቱንም ጣሉት፣ የልጅ ልጇ "ሰው የፈጠረው ወሬ ነው" ብላ በአንድ አረፍተ ነገር ትዘጋዋለች፣ እኔ ሲኒማ ብሆን ኖሮ አጨበጭብ ነበር። በ10 ሚሊዮን ዶላር ተሰርቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ፣ ስለዚ ሁለት ተጨማሪ ተጠሩ። ኪልስ ያንኑ ማታ ይቀጥላል፣ የከተማው ሰው በሙሉ ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ጫጫታ ነው፣ ዘላችሁት ብትሄዱ የምታጡት ትንሽ ነው። ኤንድስ ላይ ሰው ሁሉ ተናደደ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌላ ልጅ ነው፣ ገዳዩ ብዙ አይታይም። እኔ ወድጄዋለሁ። ቢያንስ አዲስ ነገር ሞከረ፣ የመጨረሻው ሰልፍ ደግሞ እንደ ቀብር ሸኝት ነው፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ።

የሮብ ዞምቢዎቹን ለብቻ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ከዋናው ጋ በአንድ ሳምንት አታድርጓቸው። እሱ "ለምን"ን ሙሉ ግማሽ ፊልም ሰጠው፣ የልጁ አስተዳደግ፣ እናቱ፣ የሚያሾፉበት ልጆች። አንዳንድ ሰው ይሄን ነው ሚወደው፣ ይገባኛል፣ ለኔ ግን ገዳዩ የሰፈር ልጅ ሆነብኝ። የሚገርመው ዳንየል ሃሪስ፣ ያቺ የክፍል 4 ህፃን፣ አድጋ እነዚህ ላይ አኒን ሆና ትሰራለች።

ክፍል 3ን ደግሞ በራሱ ቀን

የ1982ቱ ላይ ገዳዩ የለም። ካርፔንተርና ሂል በየጊዜው ስለ ሃሎዊን ማታ ሌላ ሌላ ታሪክ እናውጣ ብለው ነበር፣ ለዳይሬክተርነት ያን ጭምብል ያዘጋጀውን ቶሚ ሊ ዋላስን ሰጡት፣ ህዝቡ ግን "ሰውዬው የታለ?" ብሎ ጠላው፣ ክፍል 4 ስሙ ራሱ "የማይክል ማየርስ መመለስ" የሆነው ለዛ ነው። ብቻውን ሲታይ ግን ምርጥ ነው፣ የልጆች ጭምብል ስለሚሰራ ፋብሪካ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ያለችው ዘፈን ኬጂ እያለን የዘፈንናት የ"ለንደን ብሪጅ" ዜማ ናት፣ ከጭንቅላታችሁ ለመውጣት ሳምንት ይፈጅባታል።

እና ባጭሩ፣ አንድ ማታ ብቻ ካላችሁ 1978። ቅዳሜና እሁድ ካላችሁ 1978 እና 2018፣ ወይ ደግሞ 1978፣ 1981 እና ኤች ቱዌንቲ፣ ሁለቱን ምርጫዎች አታቀላቅሉ። ሁሉንም ማየት አለብኝ ያለ ሰው መስመር በመስመር ይጨርስ፣ በየመስመሩ ሲጀምር አደባባዩን ደግሞ ቢያየው ደግሞ አይሰለችም። ፍላሽ ላይ ፎልደር ስትሰሩ "አራት ኪሎ"፣ "መርካቶ"፣ "ለገሃር"፣ "ካዛንቺስ" በሉት፣ የኔ እንደዛ ነው፣ ወንድሜ መጀመሪያ የሰፈር ፎቶ መስሎት ከፍቶ ጮኋል።

ቀኑን በተመለከተ፣ የፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ነው ሚውለው፣ ያ ደግሞ ማርያም ናት፣ እቤት ውስጥ እናት ወይ አክስት ካለች ያን ማታ ባታስቡት ይሻላል። እኔ ባለፈው 22 ላይ አደረኩት። ብርዱ አጥንት ድረስ ነው፣ ጋቢ ለብሼ ላፕቶፑን ከቲቪው ጋ አገናኝቼ አንደኛውን ከፈትኩ፣ አክስቴ ፊልም አላይም ብላ ሽንኩርት እየላጠች ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መኪናው በር ላይ ስትደርስ ሽንኩርቱ ቆሟል።

"አንተ ልጅ፣ ምን አርገውት ነው እንዲ የሆነው?" አለችኝ።

"ምንም። አይታወቅም።"

"እንዴት አይታወቅም? እናት የለውም? ፀበል አልወሰዱትም?"

"አልወሰዱትም።"

"በስመአብ" አለችና ዝም አለች። መጨረሻው ላይ ዶክተሩ ስድስት ጥይት ተኩሶበት ከበረንዳ ይወድቃል፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ሳሩ ላይ ማንም የለም፣ ከዛ ባዶ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ፅሁፉ መውረድ ሲጀምር ተነስታ ወጣች፣ የግቢውን የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያ ስትፈትሽ ሰማኋት፣ ተመልሳ መጥታ "ሂድ አንተም ደግመህ እየው" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ሁለተኛውን አልከፈትኩላትም።